ሞገዱ ጎሚቶው ላይ ሲደርስ

በሾላ ገበያ ጀበና የምትገዛ ሴት ዕቃውን በዓይኗ ብቻ አይታ ገንዘብ አትከፍልም። በአንድ እጇ አንጠልጥላ በሌላው እጇ ጥፍር ኳ ታደርገዋለች። ጥርት ያለ፣ ረዘም ብሎ የሚቆይ ድምፅ ከሰጠ ትወስደዋለች፤ ታፍኖ ቶሎ የሚሞት ድምፅ ከሰጠ ግን ጀበናው የቱንም ያህል ቢያምር መልሳ ታስቀምጠዋለች። ይህች ሴት ዓይን የማያየውን ስንጥቅ በድምፅ ፈልጋለች ማለት ነው፤ ያውም ዕቃውን ሳትሰብር። መሐንዲሶች «ሳይጎዱ መመርመር» የሚሉት ሰፊ የሙያ ዘርፍ በመሠረቱ ከዚህች ሴት ጥፍር የራቀ አይደለም። በቦሌ የአየር መንገዳችን የጥገና ማዕከል ባለሙያዎች የአውሮፕላን ክፍሎችን በአልትራሳውንድና በኤሌክትሪክ ሽክርክሪት ሲፈትሹ የሚሠሩት ይህንኑ ሥራ ነው።

በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው የዘርፉን አንድ አስቸጋሪ ጥያቄ ነው። ድምፅን በቧንቧ ግድግዳ ውስጥ ልከን ጉዳት ስንፈልግ፣ ቧንቧው በሚታጠፍበት ቦታ ላይ ምን ይገጥመናል? ጥያቄው ወደ እኛ የመጣው ከመጽሐፍ ሳይሆን ከገርጂ ነው።

የገርጂው ጎሚቶ

በገርጂ በሚገኝ አንድ ባለ ብዙ ፎቅ መኖሪያ ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ ውሃን ከታች ካለው ማጠራቀሚያ ወደ ጣሪያው ታንከር የሚገፋ ፓምፕ አለ። ከፓምፑ የሚወጣው ባለ 4 ኢንች የብረት ቧንቧ ጥቂት ከሄደ በኋላ በ90 ዲግሪ ታጥፎ ሽቅብ ይወጣል። ይህን መታጠፊያ የቧንቧ ሠራተኞቻችን «ጎሚቶ» ይሉታል፤ ቃሉ ጣሊያንኛ ሲሆን ፍችው ክርን ማለት ነው። የሰው ክርንና የቧንቧ ክርን ሁለቱም የሚያማቸው በመታጠፊያቸው መሆኑን ስሙን ያወጡት ሰዎች ሳያውቁት አልቀሩም።

አንድ ሌሊት ጎሚቶው ተበሳ። ቀዳዳው ከምስር ፍሬ አይበልጥም ነበር፤ ነገር ግን በግፊት የሚወጣው ውሃ ፊት ለፊት ያለውን የኤሌክትሪክ ሳጥን ሲያጥብ አድሮ ፓምፑ ተቃጠለ። የሕንፃው ነዋሪዎች አራት ቀን ሙሉ በጀሪካን ውሃ ሲያመላልሱ ሰነበቱ። በስድስተኛው ፎቅ ብቻቸውን ለሚኖሩ አንዲት እናት ጀሪካኑን የሚያወጡላቸው የሕንፃው ጥበቃ ነበሩ፤ እሳቸውም ቢሆኑ በዕድሜ ከእናቲቱ ብዙም አያንሱም።

በዚያው ሕንፃ የምትኖር አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪያችን የተጣለውን ጎሚቶ በፌስታል ጠቅልላ ወደ ቢሮአችን አመጣችው። በወርክሾፕ ቁመቱን ተከትለን ለሁለት ከፈልነው። የመታጠፊያው ውስጠኛ ጎን፣ ማለትም የክርኑ እጥፋት ያለበት ወገን፣ አዲስ ሳለ የነበረውን 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ይዞ ቆይቷል። ውጫዊው ጎን ግን ሦስት አራት ጣት በሚያህል ስፋት ተበልቶ እኩሌታው ብቻ ቀርቷል፤ በዚያ ሰፌድ መሳይ ጉድጓድ መካከል የምስሯ ቀዳዳ አለች። ተማሪዋ ሁለቱን ግማሾች እያገላበጠች ካየች በኋላ፣ «ዶክተር፣ ያ በክፍል የነገሩን ሞገድ ይህን ቀድሞ ያይልን ነበር?» ስትል ጠየቀችን። የዚያን ቀን የሰጠናት መልስ አጭርና በከፊልም ስሕተት ነበር። ይህ ጽሑፍ የተስተካከለው መልስ ነው።

በመጀመሪያ ግን፣ የተበላው ለምን ውጫዊው ጎን ሆነ? ውሃ በቀጥታ ሲጓዝ ቆይቶ መታጠፊያ ሲገጥመው ወዲያው አይታጠፍም። ሚኒባስ ኩርባ ሲዞር ተሳፋሪው ወደ ውጭ እንደሚገፋ ሁሉ፣ በውሃው ውስጥ ያለው ደለልና አሸዋም ወደ ውጫዊው ግድግዳ ይወረወራል። በፓምፕ አጠገብ ደግሞ የውሃው ንውጥውጥታ ይበዛል። በከተማችን ምሥራቃዊ ክፍል ውሃ በፈረቃ በሚታደልባቸው ሰፈሮች ሌላ ነገር ይጨመራል፤ ቧንቧው አንድ ጊዜ በውሃ፣ አንድ ጊዜ በአየር ይሞላል። ኦክስጅንና እርጥበት ሲፈራረቁ ብረት ከምንጊዜውም ይበልጥ ይዝጋል። ውሃው ተቋርጦ ሲመለስ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚወርደውን ቡናማ ውሃ የማያውቅ የአዲስ አበባ ነዋሪ ያለ አይመስለንም። በዚያ ቀለም ውስጥ የቧንቧው የራሱ ግድግዳ አለበት።

ይህ የድሃ አገር ችግር ብቻ ነው ብለን እንዳንዘናጋ ሁለት አደጋዎችን ማስታወስ ይገባል። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 9 ቀን 1986 በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት በሚገኘው የሰሪ የኑክሌር ኃይል ማመንጫ፣ ትኩስ ውሃ የሚያመላልስ ባለ 18 ኢንች ቧንቧ ጎሚቶው ላይ ፈነዳ፤ አራት ሠራተኞችም ሞቱ። በቧንቧው ውስጥ የነበረው ውሃ አሸዋ የለበትም፤ እጅግ የተጣራ ነበር። የውሃው ፍሰትና ሙቀት የብረቱን መከላከያ ሽፋን ቀስ በቀስ እያሟሙ ግድግዳውን አሳስተውት ኖሯል። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 16 ቀን 2001 ደግሞ በእንግሊዝ አገር በሀምበር የነዳጅ ማጣሪያ ጋዝ የሚተላለፍበት ባለ 6 ኢንች ቧንቧ ጎሚቶው ላይ ተቀድዶ ከፍተኛ ፍንዳታና ቃጠሎ አስከተለ። ምርመራው እንዳሳየው ከ7 እስከ 8 ሚሊ ሜትር የነበረው ግድግዳ በተቀደደበት ቦታ 0.3 ሚሊ ሜትር ብቻ ቀርቶት ነበር፤ ከጥቂት የወረቀት ገጾች አይወፍርም። ዕለቱ የፋሲካ ማግስት በዓል በመሆኑ በቦታው ጥቂት ሰዎች ብቻ ስለ ነበሩ የሞተ ሰው አልነበረም።

ቧንቧው ራሱ መንገድ ሲሆን

የብረትን ውፍረት በአልትራሳውንድ መለካት አዲስ ነገር አይደለም። በሐኪም ቤት የእናትን ማሕፀን ከሚያሳየው መሣሪያ ጋር የሥጋ ዘመድ የሆነ አንድ ትንሽ መለኪያ አለ። በቧንቧው ላይ ጥቂት ቅባት ተቀብቶ መለኪያው ሲደገፍ በሰከንድ 5 ሚሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ወደ ብረቱ ይልካል። ድምፁ በብረት ውስጥ በሰከንድ 5,900 ሜትር ያህል ተጉዞ ከወዲያኛው ገጽ ነጥሮ ይመለሳል። ግድግዳው 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ የደርሶ መልሱ ጉዞ የሚፈጀው የሰከንድ ሁለት ሚሊዮንኛ ገደማ ነው። ጊዜው ከታወቀ ውፍረቱ ታወቀ። እጅግ ትክክለኛ መሣሪያ ነው፤ ሆኖም የሚያየው ከሥሩ ያለውን ነጥብ ብቻ ነው። የአንድ ሜትር ባለ 4 ኢንች ቧንቧን ገጽ በካሬ ሴንቲ ሜትር ብንሸነሽነው ከ3,500 በላይ ነጥቦች ይወጡታል። በዚያ ላይ ቧንቧው በግድግዳ ውስጥ ካለፈ ወይም ልባስ ከለበሰ መለኪያው የሚደገፍበት ቦታ የለውም።

አሁን ድግግሞሹን ከ5 ሚሊዮን ወደ 30 ሺህ፣ ማለትም ወደ 30 ኪሎኸርዝ እናውርደው። የሰው ጆሮ ከሚሰማው ከፍተኛ ድምፅ ከፍ ያለው በጥቂቱ ብቻ ነው። በዚህ ጊዜ የሞገዱ ርዝመት ወደ 11 ሴንቲ ሜትር ያድጋል፤ ከግድግዳው ውፍረት 18 እጥፍ መሆኑ ነው። ይህን ያህል የረዘመ ሞገድ በ6 ሚሊ ሜትር ብረት ውስጥ እንደ ጨረር ከወዲህ ወዲያ ሊነጥር አይችልም። ያለው አማራጭ ግድግዳውን በሙሉ ሞልቶ በቧንቧው ርዝመት መጓዝ ነው። ቦይ የገባ ውሃ ቦዩ በሄደበት እንደሚሄድ ይህም ሞገድ ቧንቧው በሄደበት ይሄዳል። «ተመሪ ሞገድ» ብንለው ከባሕርዩ ጋር ይስማማል። የሳሳ ጠፍጣፋ ላሜራ ውስጥ እንዲህ ያለ ሞገድ እንዴት እንደሚጓዝ እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ሆራስ ላም እ.ኤ.አ. በ1917 አሳይቷል። ለቧንቧ፣ ማለትም ውስጡ ክፍት ለሆነ ሲሊንደር፣ የተሟላውን ስሌት ያቀረበው ደግሞ የግሪክ ተወላጁ ዴኖስ ጋዚስ እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። ስሌቱን ወደ መስክ መሣሪያ ለመለወጥ ሌላ ሠላሳ ዓመት ያህል ወስዷል፤ በዚህ ረገድ በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ በ1990ዎቹ ዓመታት እ.ኤ.አ. አሌይን፣ ካውሊና ሎው የተባሉ ተመራማሪዎች የሠሩት ሥራ ጎልቶ ይታያል።

በቧንቧ ውስጥ ሞገድ በሦስት ዓይነት መንገድ ሊጓዝ ይችላል። ብረቱን በርዝመቱ እያሳጠረና እያስረዘመ፣ ቧንቧውን እንደ እባብ እያጎበጠ፣ ወይም በዘንጉ ዙሪያ እየጠመዘዘ። ለምርመራ የተመረጠው ብዙውን ጊዜ ሦስተኛው፣ የጥምዘት ሞገድ ነው። አንደኛው ምክንያት መሠረታዊው የጥምዘት ሞገድ በማንኛውም ድግግሞሽ ፍጥነቱን የማይለውጥ መሆኑ ነው። በሰከንድ 3,260 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ የተላከው የድምፅ ጥቅል በመንገድ ላይ አይበተንም። ሁለተኛው ምክንያት ይበልጥ ያስደስታል። ጤና አዳም የተጣለበት ቡና ሲቀርብላችሁ ሲኒውን በቦታው እንዳለ በፍጥነት ዞር አድርጉት። ሲኒው ይዞራል፤ ጤና አዳሙ ግን ባለበት ይቀራል። ሲኒው ዙሪያውን ሲንሸራተት ፈሳሹን ይዞ ለመዞር ብዙ ኃይል የለውም። የጥምዘት ሞገድም የቧንቧውን ግድግዳ እንዲሁ ዙሪያውን ስለሚያንሸራትት በውስጡ ያለው ውሃ ከሞገዱ ጉልበት ብዙ አይወስድም። ስለዚህ ውሃውን ሳናቋርጥ መመርመር እንችላለን፤ በፈረቃ ውሃ ለሚጠብቅ ሰፈር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

መሣሪያው እንደ አምባር በቧንቧው ዙሪያ የሚታሰር ቀለበት ነው። በቀለበቱ ላይ የተደረደሩት የፒዞኤሌክትሪክ ክሪስታሎች ሁሉም በአንድ ጊዜ ብረቱን ወደ ጎን ይገፉታል፤ የጥምዘት ሞገድም ተወልዶ ይሄዳል። በትምህርት ላይ ሳለን ለመጀመሪያ ጊዜ ይህን ቀለበት ስናይ የታሰረው በአንድ ቦታ ብቻ ሆኖ ሳለ ወደ ግራም ወደ ቀኝም በአሥር በአሥር ሜትሮች የሚቆጠር ቧንቧ ሲያሳይ አላምን ብለን ነበር። ሞገዱ በመንገዱ ላይ የብረቱ ስፋት የተለወጠበት ቦታ ሲገጥመው ከፊሉ እንደ ገደል ማሚቶ ይመለሳል። የተመለሰው ከ6.1 የሰከንድ ሺህኛ በኋላ ከሆነ ጉዳቱ ያለው 10 ሜትር ላይ ነው። ስሌቱን ራሳችሁ አረጋግጡ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያደናግር ነገር አለ። 11 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ሞገድ የምስር ፍሬ የምታህል ቀዳዳ እንዴት ያያል? አያይም። ሞገዱ የሚመዝነው የጉዳቱን ጥልቀት ሳይሆን ቧንቧው በዚያ ቦታ ላይ ቢቆረጥ ከሚታየው የብረት ቀለበት ስንት በመቶው እንደ ጠፋ ነው። በተለመደው የመስክ ሥራ 5 በመቶ ገደማ የጠፋ ብረት በአስተማማኝ ሁኔታ ሊታይ ይችላል። የገርጂው ቧንቧ የብረት ቀለበት ስፋት ወደ 2,040 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። የ4 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ከዚህ የምትወስደው 24 ካሬ ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሆነ 1.2 በመቶ ናት፤ ውሃ እያፈሰሰችም ቢሆን ለሞገዱ የለችም ማለት ይቻላል። በዙሪያዋ ያለው ሰፌድ መሳይ ጉድጓድ ግን 6 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 3 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ቢኖረው 180 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ወይም 9 በመቶ ገደማ ይሆናል። እሱ ይታያል። ከመበሳቱ ከወራት በፊትም ይታይ ነበር።

ለተማሪዋ የሰጠናት የመጀመሪያ መልስ ይኸው ነበር፤ «አዎ፣ ያይ ነበር።» ስሕተቱ ስሌቱ ላይ አይደለም። ስሌቱ የተሠራው ለቀጥተኛ ቧንቧ መሆኑ ላይ ነው።

በመታጠፊያው ውስጥ

ሰልፈኛ ወታደሮች ተደርድረው ኩርባ ሲዞሩ ውስጠኛው ወታደር ባለበት ይረግጣል፣ ውጫዊው ደግሞ እርምጃውን ያስረዝማል፤ አለዚያ ረድፉ ይፈርሳል። ሞገድ እንዲህ ያለ ሥርዓት የለውም። በውስጥም በውጭም ፍጥነቱ ያው ነው። የገርጂውን ጎሚቶ በመለኪያ ተከትለን ስናሰላ ውጫዊው ቅስት 33 ሴንቲ ሜትር፣ ውስጠኛው 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። እንግዲህ እንደ ቀጥ ያለ ረድፍ ሆኖ ወደ ጎሚቶው የገባው የሞገድ ግንባር ሲወጣ ተዛብቶ ነው። በፊዚክስ ቋንቋ ከጥምዘት ሞገዱ ከፊሉ ወደ መጉበጥ ሞገድ ተለውጧል እንላለን። የኢምፔሪያል ኮሌጆቹ ካውሊና ሎው ከአሌሳንድሮ ዴማ ጋር ሆነው በ2000ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ያጠኑት ይህንኑ ለውጥ ነበር፤ መጠኑ በድግግሞሹ፣ በቧንቧው ስፋትና በመታጠፊያው ርዝመት ይወሰናል።

ይህ መለወጥ ለምን ያስጨንቀናል? መርማሪው ጉዳትን ከብየዳ የሚለየው በዚሁ ስለሆነ ነው። ሁለት ቧንቧዎች የተበየዱበት ቦታ ዙሪያውን እኩል ስለሚወፍር የጥምዘት ሞገድ ሲገጥመው የጥምዘት ሞገድ ብቻ ይመልሳል። ዝገት ግን እንደ ገርጂው በአንድ ወገን ብቻ ነው የሚበላው፤ ስለዚህ ከጥምዘቱ ጋር የመጉበጥ ሞገድም ይመልሳል። መርማሪው በኮምፒውተሩ ላይ ሁለቱን በተለያየ ቀለም እያየ «ይህ ብየዳ ነው፣ ይህ ጉዳት ነው» ይላል። የቧንቧ ሥራ ሙሉ ጥበብ በዚህ ልዩነት ላይ ቆሟል ብንል ብዙ አላጋነንንም። ከጎሚቶው ወዲያ ግን ወደ ብየዳው የሚደርሰው ሞገድ አስቀድሞ የተደባለቀ ነው። ደህናው ብየዳ ሁለቱንም ዓይነት ይመልሳል፣ እንደ ጉዳትም ይመስላል። ወሬ በአንድ ሰው አፍ አልፎ ሲመጣ እንደሚሆነው ነው፤ የተባለውን ከተጨመረበት መለየት ያስቸግራል። በሁለተኛው ጎሚቶ ካለፈማ ጥንቁቅ መርማሪ የሚያነበውን አያምንም፤ ቀለበቱን ፈትቶ ከወዲያ በኩል ያስረዋል።

በጎሚቶው በራሱ ላይ ያለው ችግር ከዚህም ይለያል። ጎሚቶ በሁለት ጫፎቹ የተበየደ ነው፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት በገርጂው ላይ 24 ሴንቲ ሜትር ነበር። የምንልከው የድምፅ ጥቅል አምስት ያህል ርግብግቢት ቢኖረው ርዝመቱ 54 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ሁለት ማሚቶዎች ሳይደራረቡ እንዲመለሱ በመካከላቸው ቢያንስ የዚህ እኩሌታ፣ 27 ሴንቲ ሜትር፣ መኖር አለበት። የለም። የሁለቱ ብየዳዎች ማሚቶ አንድ ላይ ተደርቦ ይመጣል፤ በመካከላቸው ያለው ጉዳት የሚናገርበት ፋታ አያገኝም። ድግግሞሹን ወደ 60 ኪሎኸርዝ ብናሳድገው ጥቅሉ በእኩሌታ ያጥርና ብየዳዎቹ ይለያያሉ፤ ነገር ግን ሞገዱ ቶሎ ይደክማል፣ የሚወለዱት የመጉበጥ ሞገዶችም ይበዛሉ። በአንድ በኩል ያገኘነውን በሌላ በኩል እንከፍላለን።

ያም ሆኖ በመታጠፊያው ውስጥ ለእኛ የሚያደላ አንድ ነገር አለ፤ ይህን በቤታችሁ ልታዩት ትችላላችሁ። ከጎማ ጠጋኝ ዘንድ አሮጌ ካላማዳሪ ለምኑና በደንብ ንፉት። ቀጭን ፕላስተር ይዛችሁ በውጫዊው ክብ ላይ፣ ሳይሸበሸብና በእጃችሁ ሳታጣምሙት፣ ወደፊት ብቻ እያስተኛችሁ ለጥፉት። ከእሱ አራት ጣት ያህል ራቅ ብላችሁ ሁለተኛ ፕላስተር በትይዩ ጀምሩ። ትይዩ የጀመሩት ሁለቱ ፕላስተሮች ጥቂት እንደ ሄዱ ተቀራርበው ይቋረጣሉ። ይህንኑ በካላማዳሪው ውስጠኛ ክብ ላይ ብትሞክሩት ተራርቀው ይበታተናሉ። የሸበሸበ ፕላስተር በጠማማ ገጽ ላይ «ቀጥተኛ» ከሆነው መንገድ ወጥቷል፤ ያልሸበሸበው ግን ቀጥተኛውን መንገድ ይከተላል፤ ሞገድም የሚከተለው እሱን ነው። ጎሚቶ የካላማዳሪ ቁራጭ ስለሆነ የሞገዱ ጉልበት በውጫዊው ጎን ይሰበሰባል፣ ውስጠኛው ጎን ደግሞ ጥላ ያጠላበታል። በገርጂው ጎሚቶ ልኬት ስናሰላ ትይዩ የገቡት መንገዶች የሚገናኙት በውጫዊው ጎን፣ ወደ መታጠፊያው እኩሌታ ገደማ ነው። የእኛ ሞገድ ከጎሚቶው ስፋት ጋር የሚቀራረብ ርዝመት ስላለው ይህን የፕላስተር ሥዕል ቃል በቃል መውሰድ አይገባም፤ አዝማሚያውን ግን በትክክል ይነግረናል።

ውሃና አሸዋ የሚበሉት ውጫዊውን ጎን ነው፤ ሞገዱም ይበልጥ የሚያየው እሱን ነው። መልካም አጋጣሚ ነው። ነገር ግን አጋጣሚ ብቻ ነው። ዝገቱ በውስጠኛው ጎን የጀመረ እንደሆነ፣ ለምሳሌ በልባስ ሥር ውሃ ሲቋጥር፣ ሞገዱ በጥላው ውስጥ ያለውን ጉዳት በዝምታ ሊያልፈው ይችላል። ከመሣሪያው ዝምታ ተነሥቶ «ደህና ነው» ብሎ መፈረም በዚህ ሙያ ትልቁ አደጋ ይመስለናል።

ለተማሪዋ የተስተካከለው መልስ

በገርጂ ምድር ቤት አንድ ጊዜ ብቻ ሄደን ቀለበቱን አስረን ቢሆን ኖሮ ምናልባት የምናየው አንድ ትልቅ ማሚቶ ብቻ ነበር፤ ጎሚቶ ያለበት ቦታ ስለሆነም ብየዳ ነው ብለን እናልፈው ነበር። ሁኔታው የሚለወጠው ጎሚቶው አዲስ ሳለ የተቀዳ ማሚቶ በእጃችን ካለ ነው። ዛሬ ከተቀዳው ላይ የቀድሞውን ስንቀንስ ብየዳዎቹ ይጠፋሉ፤ የሚቀረው ከዚያ ወዲህ የተለወጠው ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት በብዙ አገሮች ቀለበቱን ከቧንቧው ሳይፈቱ ለዓመታት ማቆየት ተለምዷል። አንድ ጥንቃቄ ግን ያሻል፤ የድምፅ ፍጥነት ከብረቱ ሙቀት ጋር ይለዋወጣል። እንደ ኅዳርና ታኅሣሥ ባለው ወቅት ንጋቱ የሚቆረጥም ቀትሩ የሚያቃጥል በሆነበት የአዲስ አበባ አየር፣ የጧቱን ቅጂ ከቀትሩ ላይ በቀጥታ የቀነሰ ሰው የሌለ ጉዳት ያገኛል። ቅጂውን በሙቀቱ ልክ መሳብና መጨበጥ ያስፈልጋል፤ ስሌቱ ለአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚበቃ ሥራ ነው።

መሣሪያውን ወደዚህ አምጥተን በከተማዋ ቧንቧ ሁሉ ላይ እንሰረው ብንልም አይሆንም። ከለገዳዲ ተነሥቶ በምሥራቅ በኩል ወደ ከተማዋ የሚገባውን ውሃ እያከፋፈሉ ወደየሰፈሩ ከሚገቡት መስመሮች ብዙዎቹ ፕላስቲክ ናቸው፤ ፕላስቲክ ደግሞ ሞገዱን ወዲያው ያደክመዋል። በላስቲክ ቀለበት የተገጣጠመ የብረት መስመርም ቢሆን ሞገዱን በየመገጣጠሚያው ያቆመዋል። ሬንጅ ለብሶ የተቀበረ ቧንቧ ውስጥ በአሥር የሚቆጠረው ሜትር ወደ ጥቂት ሜትር ይወርዳል። ለእነዚህ፣ ሌሊት መኪናው ጋብ ሲል መሬት ላይ ጆሮ ጥሎ የሚያፈሰውን ውሃ ፉጨት የሚያደምጠው የቆየ ዘዴ አሁንም ይሻላል። ለተመሪ ሞገድ የሚመቹት የተበየዱ የብረት መስመሮች ናቸው፤ ወንዝ ተሻግረው በአየር ላይ የሚያልፉ ቧንቧዎች፣ የሕንፃ ፓምፕ ክፍሎች፣ እንዲሁም እንደ ቦሌ ለሚ ባሉ የኢንዱስትሪ ፓርኮች ልብስ ለመተኮስ እንፋሎት የሚያመላልሱ ልባስ የለበሱ መስመሮች። በእነዚህ በመጨረሻዎቹ ላይ ሲፈነዱ የሚቃጠለው ፓምፕ ሳይሆን ሰው ነው።

ለገርጂው ጎሚቶ ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ያች ነጥብ በነጥብ የምትለካው ትንሽ መሣሪያ ትበቃ ነበር። በውጫዊው ጎን፣ ወደ እኩሌታው፣ ለአምስት ደቂቃ ቢያስደግፏት 3 ሚሊ ሜትር ብላ ትናገር ነበር። ጎሚቶው በእጅ በሚደረስበት ቦታ ነው ያለው። ትልቁ ሞገድ የሚያስፈልገው እጅ በማይደርስበትና ከአንድ ሺህ ነጥብ የቱን እንደምንለካ በማናውቅበት ነው፤ «እዚህ ጋ ተመልከቱ» ይላል እንጂ «ይህን ያህል ቀርቷል» አይልም። ሁለቱ መሣሪያዎች አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠሩም።

አዲሱ ጎሚቶ በተገጠመ በሳምንቱ ከተማሪዎቻችን ጋር በውሰት ያገኘነውን መለኪያ ይዘን ወደ ገርጂ ወረድን። በጎሚቶው ላይ በነጭ ቀለም አሥራ ሁለት ነጥቦች አደረግን፤ ስምንቱን በውጫዊው ጎን፣ አራቱን በጥላው በኩል። እያንዳንዱን ለክተን ቁጥሮቹን ስንጠራ የሕንፃው ጥበቃ ጋሼ በእንግዳ መመዝገቢያ ደብተራቸው የመጨረሻ ገጽ ላይ በጥንቃቄ ጻፏቸው። ከጨረስን በኋላ ደብተሩን ዘግተው በብብታቸው ሥር ያዙና፣ «ታዲያ ለማስተያየት መቼ ትመለሳላችሁ?» አሉን። ክረምቱ ሲወጣ፣ በመስከረም አልናቸው። ደብተሩን መልሰው ገልጠው ይህንንም ጻፉት።